የፊዚክስ ወንበር

ወደ ወንድሜ ቤት የተመለስኩት በጂኦግራፊ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት የለም፤ ኢዮብም ሌላ ምክንያት አለ ብሎ ሊሸነግለኝ አልሞከረም። ከባሌ ከተለያየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ቀን ደወለና "ሶሊ፣ ውዳላት ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። አራት ወንበር ሞልተናል፣ ጂኦግራፊ የለንም" አለኝ። እንዴት ከረምሽ የለ፣ ጤናሽ እንዴት ነው የለ። ሻንጣዬን ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እንኳን ለወንድም ልጅ ለጎረቤት ልጅም የሚኬድበት ዘመን ነው።

ልጅ ብቻውን ይፈተን የነበረበትን ጊዜ አባቴ ያስታውሳሉ። ልጆቹ እየተፈተኑ ወደቁ፣ ደግሞ ተፈተኑ፣ ደግሞ ወደቁ፤ በመጨረሻ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የቤቱ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈተነው ቤቱ ነው። አምስት ትምህርት፣ አምስት ወንበር፣ አምስት የቤት ሰው። አንዱ ወንበር ባዶ ከሆነ ጥያቄ የሚያወጣው ሰሌዳ አይበራም።

ስለዚህ ደላላው ቤት ሲያከራይ "ሁለት ክፍል፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ ኬሚስትሪ ለሚችል ብቻ" ይላል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ "የማን ዘር ነው?" መባሉ ቀርቶ "ምን ትምህርት ይዟል?" ይባላል። ለቅሶ ቤት ሰው ይገባና ነፍስ ይማር ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ "ባዮሎጂው የእሳቸው ነበር እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። የደረሰ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ልጁ እስኪፈተን አይፋቱም፤ ፍርድ ቤቱም አያያቸውም። እኔና ባሌ ልጅ ስላልነበረን በአንድ ጠዋት ጨርሰን ወጣን።

በእኛ ቤት ሒሳብ የራሷ የውዳላት ነው። ኬሚስትሪ የአባቷ የኢዮብ፣ ባዮሎጂ የእናቷ የሊዲያ፣ ጂኦግራፊ የእኔ ሆነ። ፊዚክስ የአባቴ፣ የአባባ ነው።

አባባን በከተማው ቲቸር ናታን ብሎ የማይጠራቸው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ሲያልፉ ሽበት የወረራቸው ሰዎች ኮፍያቸውን ያወልቁላቸዋል፤ ያስተማሯቸው ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል፣ እኔ ግን መስኮት ዳር ነበር የምቀመጠው። ስማቸው ራሱ የሽማግሌ ስም ነው፤ እኩዮቻቸው ሁሉ ናታን፣ ቢኒያም፣ ሜላት ናቸው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ውዳላት፣ ድንቄ፣ አስካለ ሆነዋል።

ውዳላት የከርሰ ምድር ውሃ ማጥናት ትፈልጋለች። የከተማው ጉድጓዶች አንድ በአንድ ሲደርቁ እያየች ያደገች ልጅ ናት፤ ውሃው የት እንደሄደ ማወቅ ትፈልጋለች። ፈተናው ደግሞ ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያላለፈች ልጅ በወሩ የሥራ ምድብ ይመጣላታል፣ ምድብም አይቀየርም። የጎረቤታችን ልጅ ድንቄ አምና ቤታቸው ወድቆ፣ እኔ የምሠራበት ባትሪ መቀየሪያ ተመድባለች። ከጎኔ ቆማ፣ ጓንት አጥልቃ፣ ከአውቶብስ የወጣ ባትሪ ትደረድራለች። ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ታስቀናለች፤ ሰው ስለ ትምህርት ካነሳ ግን ተነስታ ወደ ሽንት ቤት ትሄዳለች። ውዳላትን ባየሁ ቁጥር የድንቄ ጓንት ፊቴ ድቅን ይልብኛል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

ልምምድ ጠዋት ነው፣ ከሥራ በፊት። የደብረ ብርሃን ጠዋት አጥንት ይሰብራል፤ ሁላችንም ብርድ ልብስ ተከናንበን ጠረጴዛውን እንከባለን። የእኛ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሲበራ የሕንጻው ሰሌዳ ሁሉ አብሮ ይበራል፤ ከጎን የሰው ኬሚስትሪ በግድግዳ ይሰማል። ከታች ያሉት ሲሳሳቱ እኛ ከእነሱ ቀድመን እናውቃለን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን "ልምምድ እንዴት ነው?" "እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?" "እግዜር ይመስገን" ተባብለን እናልፋለን።

ደንቡ ቀላል ነው። ሰሌዳው ይጠይቃል። ከጠረጴዛው መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የቤቱ መልስ ነው፤ ወንበሩ የማንም ይሁን የማን፣ የፈለገ መናገር ይችላል። ቀጥሎ ሰሌዳው "ተቃውሞ አለ?" ይላል። ተቃውሞ ያለ ሰው ካለ የመጀመሪያው መልስ ይሰረዝና ከማንም ይሁን አንድ አዲስ መልስ ይወሰዳል። ከሌለ ይጸናል። ማንም ካልተናገረ ዜሮ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በዋናው ፈተና ላይ ስህተት የተናገረ ሰው፣ መልሱ ቢሰረዝም እንኳን፣ በድምፁ ይመዘገባል። ስህተቱ የበዛበት ሰው "ሸክም" ይባላል፣ ከዚያ በኋላ የማንም ቤት ወንበር ላይ አይቀመጥም። ባል የሌላት፣ ልጅ የሌላት፣ ወንበርም የሌላት ሴት ማን ያስጠጋታል? እኔ ይህን እያሰብኩ ነበር ጂኦግራፊዬን የማጠናው።

እኛ ቤት ተቃውሞ ተብሎ አያውቅም። እንዴት ይባላል? እኛ ቤት ወጡ ጨው አንሶታል ለማለት እንኳን መጀመሪያ አባባ እስኪቀምሱ ይጠበቃል።

ችግሩ የታየው ጥር ላይ ነው። ሰሌዳው ጠየቀ፤ "አንድ መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ ክብ መንገድ ላይ ይዞራል። አክስለሬሽን አለው ወይስ የለውም?"

"የለውም" አሉ አባባ ወዲያው።

ውዳላት ቀና አለች። እኔ፣ የመስኮት ዳሯ እንኳን፣ አቅጣጫው ስለሚቀየር አክስለሬሽን እንዳለው ትዝ አለኝ፤ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። "ተቃውሞ አለ?" አለ ሰሌዳው። ኢዮብ ሻዩን አየ። ሊዲያ ብርድ ልብሷን አስተካከለች። ሰሌዳው ቀላ።

"ይሄ ነገር ተበላሽቷል" አሉ አባባ።

"አዎ፣ ሰሞኑን እንደዚያ ያደርገዋል" አለ ኢዮብ። ወንድሜ ውሸት አይችልበትም፣ ጆሮው ይቀላል።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አባባ አንድ ቀን የከበደውን ጥያቄ እንደ ድሮው አፍታተው ይመልሳሉ፣ በማግስቱ ያንኑ ይስታሉ። የዕለቱን ስም ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ ቤቱን ያምሱታል። ሊዲያ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ነገሩ ከሁላችን በፊት ገብቷታል። ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የፊዚክስ ተከራይ ብናስገባስ?" አለች አንድ ቀን። ተከራይ ከገባ አባባ ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ከክፍላቸውም ይነሳሉ። ኢዮብ ሳህኑን አስቀመጠና "ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማው" አለ። እሷም ሁለተኛ አላነሳችውም። የሕመሙንም ስም ማንም አልጠራውም፤ ስሙን ያልጠሩት በሽታ የሌለ ይመስል።

የማለፊያው መስመር ሰሌዳው ላይ ቢጫ ነው። የካቲት ሲያልቅ እኛ ከቢጫው በታች ነበርን። ውዳላት ምግብ ተወች፣ ቆማ ማጥናት ጀመረች፤ ስትቀመጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። አምስቱንም ትምህርት ጥርግ አድርጋ ታውቃለች፣ ለብቻዋ ብትጠየቅ አንዱንም አትስት። ግን ብቻዋን የሚጠይቃት የለም።

መጋቢት ላይ ሞዴል ፈተና ተቀመጥን።

"ሁለት አምፖሎች በትይዩ ተገናኝተው ይበራሉ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ምን ይሆናል?"

"ይጠፋል" አሉ አባባ።

"ተቃውሞ አለ?"

"ተቃውሞ" አለች ውዳላት። "አይጠፋም። እንደበራ ይቆያል።"

ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ደስ ያለው ሰው አልነበረም። አባባ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ተነሱ። "ጎበዝ" አሏት። ከዚያ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ለልምምድ አልወጡም። በሦስተኛውም ቀን አልወጡም። ምግብ ሲገባላቸው "በልቻለሁ" ይላሉ፣ የት እንደበሉ ባይታወቅም። ኢዮብ በሩ ላይ ቆሞ ሲለምናቸው "ከልጅ ልጄ ጋር አፍ የምካፈት ሽማግሌ አይደለሁም" አሉት። ወንበራቸው ባዶ ስለሆነ ሰሌዳው አይበራም። ሌላው ቤት ሁሉ ይንጫጫል፣ የእኛ ግድግዳ ዝም። ውዳላት ታለቅሳለች፤ ያለቀሰችው ስለ ፈተናው ይሁን ስለ አባባ እሷም አታውቀውም። አዛውንት ሲያኮርፍ ሐኪምም ዳኛም አይፈታውም፤ የሚፈታው ሽማግሌ ብቻ ነው።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቢኒያምና እትዬ ሜላት መጡ። ስምንተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው፣ እስኪተነፍሱ ጠብቀን፣ አባባ ክፍል በር ላይ ቆሙ።

"ቲቸር፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ቢኒያም።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"እሱን ከተቀመጥን በኋላ እንነግርዎታለን።"

አባባ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፣ ወንበር ተሰጠ። እትዬ ሜላት ልጅቷ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክማ ትግባ አሉ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው። እኔ ከሥራ ያመጣሁት የሞተ ባትሪ በረንዳ ላይ ነበር፤ እሱን ማጅራቷ ላይ አስደግፋ፣ እየተንገዳገደች ገብታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እትዬ ሜላት ባትሪውን በእጃቸው መዘን አድርገው "ከድንጋይም ይከብዳል፣ ይበቃል" አሉ።

ውዳላት ጉልበታቸውን ሳመች። "አጥፍቻለሁ አባባ። ሁለተኛ በእርስዎ ላይ ተቃውሞ አልልም። በወንበርዎም የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እኔ አልሆንም" አለች። በጋሽ ቢኒያም ፊት፣ በእድሩ ፊት፣ ቃል ነው።

አባባ ባትሪውን ከላይዋ አንስተው ራሷን ሳሙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። "እኔም አጥፍቻለሁ" አሉ። "አርጅቻለሁ፣ ይህን የማላውቅ ይመስላችኋል? ከእንግዲህ በፊዚክስ እኔ አልጀምርም። የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ አይሆንም። ይኸው ቃሌ።"

"አሜን" ተባለ። ሊዲያ እልል አለች። ዳቦ ተቆረሰ፣ ኢዮብ አፍንጫውን እየጠረገ ጠላ ይቀዳል። እኔ የያዝኩትን ዳቦ ሳልጎርሰው ቀረሁ። አንዷ መጀመሪያ አልናገርም ብላ ማለች፣ አባባም መጀመሪያ አልናገርም ብለው ማሉ። ታዲያ ማን ይናገራል? ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ ሁሉም ፊቱ በርቷል። ጠላዬን ተቀበልኩ።

ጠዋት ሰሌዳው በራ። የመጀመሪያው የፊዚክስ ጥያቄ መጣ። አባባ ወደ ውዳላት ዞረው በፍቅር ይጠብቃሉ። ውዳላት ወደ አባባ ዞራ በአክብሮት ትጠብቃለች። ዜሮ። ሁለተኛው መጣ፣ ዜሮ። የአባባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ኩርፊያው በነበረ ጊዜ ቢያንስ ሰሌዳው ጠፍቶ ነበር፤ አሁን በርቶ ዜሮ ይቆጥርልናል።

ውዳላትን ለብቻዋ ያዝኳት። "ዝም ካሉ አንቺ ተናገሪያ።"

"አክስቴ፣ ቃል ገብቻለሁ እኮ። በሽማግሌ ፊት።"

"ዩኒቨርሲቲውስ?"

ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ደብተሯን አንስታ ወጣች። ወደ አባባ ሄድኩ። "በዚህ ዕድሜዬ ቃሌን ልብላ?" አሉኝ። ኢዮብን ለመንኩት። "በአባቴ ወንበር ላይ?" አለ፣ ስድብ የተናገርኩት ይመስል። ሊዲያም "እኔ ምራት ነኝ፣ እባክሽ ተይኝ" አለችኝ። ተውኳት። እኔ ራሴ እንዳልናገር ፊዚክስ አላውቅም፣ ሸክም መባልም እፈራለሁ።

ጋሽ ቢኒያም ዘንድ ሄድኩ፤ ቃሉን ያስገቡት እሳቸው ናቸው፣ ይፍቱት ብዬ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ እንዲህ ያማረ ዕርቅ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ሁለቱም ለመሸነፍ የተሽቀዳደሙበት ነው። እሱን አፍርሱ ልበላቸው? ዝም አይነቅዝም።"

"ጋሼ፣ ባለመናገርም ደጃዝማችነት ይቀራል።"

"ይቅራ" አሉኝ። "ደጃዝማችነት የቀረው እኛ ሳንወለድ ነው።"

ከእሳቸው ቤት ወጣሁ። አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው እንዳልል ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማየት ከማምጣት ይብሳል። እስከ ሰኔ ድረስ በየጠዋቱ ሁለት ሰዎች እየተከባበሩ አንዲት ልጅ ስትሰምጥ አየሁ። ኢዮብ "በዋናው ቀን እግዜር ያውቃል" ይላል። እግዜር ፊዚክስ ወንበር ላይ አልተመዘገበም ልለው ብዬ ተውኩት።

የፈተናው ቀን ቤተሰቡ በሙሉ በአውቶብስ ተጭኖ ዩኒቨርሲቲ ይወሰዳል። ፍራሽ የተሸከመ፣ አዛውንት ያዘለ፣ ሕፃን ያቀፈ፤ በር ላይ ሹሩባ እንኳን ሳይቀር ይፈተሻል። ከፊታችን ተሰልፎ የነበረው ቤተሰብ በዚያው ሳምንት አባቱ ሞቶበታል። በእሱ ቦታ የማያውቁትን ሰው ይዘው መጡ። ልጅቷ ፈታሹ ፊት "አባዬ" ብላ እጁን ያዘችው፣ ጥሩ አስለምደዋታል። ሰውየው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ነበር።

ክፍላችን ገባን። ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ ሰሌዳ። ሒሳቡ ጥርት ብሎ አለፈ። ኢዮብ ኬሚስትሪውን እየላበው ተወጣው፣ ሊዲያም ባዮሎጂዋን። ጂኦግራፊ ላይ አንድም አልሳትኩም፤ ላመስግን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። አማካይ ነጥባችን ከቢጫው መስመር በላይ ነበር፣ ፊዚክስ ግን ይቀራል። ፊዚክስ መጨረሻ ነው።

"ድምፅ በአየርና በብረት ውስጥ ሲጓዝ በየትኛው ይፈጥናል?"

አባባ ወደ ውዳላት ዞሩ። ውዳላት ወደ አባባ ዞረች። የግድግዳው ሰዓት ሲሄድ ይሰማል። ዜሮ። ነጥቡ ወደ ቢጫው ወረደ። ሊዲያ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨብጣ ጥፍሯን ሰካችብኝ።

"አንድ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?"

ዝም። ውዳላት ከንፈሯን ነክሳለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል። የድንቄ ጓንት ታየኝ።

"ይቀንሳል" አልኩ። ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ዝምታው አላስችል አለኝ።

"ተቃውሞ አለ?"

"ተቃውሞ" አለች ውዳላት። "ይጨምራል።"

አረንጓዴ። በሰሌዳው ጥግ ላይ ግን ስሜ በቀይ በራ።

እሷም እኔም ተያየን። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። የተቃወመችውም አባባን አይደለም። ስለ አክስቷ ለማንም ቃል አልገባችም። የገባኝ ያኔ ነው፤ መጀመሪያ የሚናገር ሰው ብቻ ነበር የጎደለን፣ ያ ሰው ደግሞ ማወቅ የለበትም። ይህ ከሆነ በደብረ ብርሃን ከእኔ የተሻለ የለም።

"ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ምን ይሆናል?"

"ይጨምራል" አልኩ።

"ተቃውሞ። ይቀንሳል።"

ስሜ እንደገና በቀይ በራ። ቀጠልን። እኔ እዘባርቃለሁ፣ እሷ ታነሳለች። ስለ ማግኔት የማይሆን ነገር ተናገርኩ፣ ስለ ሙቀት ከዚያ የባሰ። አንዳንዴ ትክክለኛውን ስጠረጥር ሆን ብዬ ሌላውን እላለሁ፤ ትክክሉን ብናገር እሷ በለመደችው ትቃወምና ትስታለች ብዬ ፈራሁ። ስሜ ብልጭ ማለቱን ትቶ እዚያው ቀይ ሆኖ ቀረ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ግን አላቆመም። ኢዮብ እንደ እብድ ያየኝ ነበር፣ ኋላ ገብቶት አንገቱን ደፋ። አባባ ብቻ አልገባቸውም። በየመልሴ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታል። ስንት ትውልድ ያስተማሩ ሰው፣ የገዛ ልጃቸው በመንግሥት ሰሌዳ ፊት ስታዋርዳቸው ተቀምጠው ይሰማሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። አንድ ነጥብ ብንጥል ከመስመሩ በታች ነን።

"አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ላባና ምስማር ከእኩል ከፍታ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት ይነካል?"

"ምስማሩ" አልኩ።

"ተቃውሞ" አሉ አባባ።

ተቃውሞው አንድ ብቻ ነው፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው። ውዳላት አፏ እንደተከፈተ ቀረ። በዚያ ሰሞን እሳቸው የሚሉት ነገር ቀን በቀን ይለያያል፤ "ላባው" ሊሉ ይችላሉ፣ ሰሌዳው የሚወስደው እሱን ነው። አባባ ግን ወደ ሰሌዳው አልዞሩም። እኔን ነበር የሚያዩኝ፣ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ከመነጽራቸው በላይ።

ከዚያ ወደ ውዳላት ዞረው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ንገሪያት ማለታቸው ነው።

"እኩል ይደርሳሉ" አለች ውዳላት። "የሚይዘው አየር የለማ።"

ውጤቱ በሐምሌ ወጣ። ከቢጫው መስመር በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ በላይ ነበርን። ኢዮብ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዚያው ቀን ለእኔም መልእክት ደረሰኝ፤ ሸክም ተብያለሁ። ከአሁን በኋላ የየትኛውም ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ አይፈቀድልኝም። ሥራ ቦታ አንዳንዱ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። ድንቄ ብቻ ምሳዋን ይዛ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

ውዳላት መስከረም ላይ ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሰሌዳውን መጥተው ነቀሉት፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። የተመለስኩበት ጉዳይ አልቋል። ሻንጣዬን አውርጄ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት፣ ማንም እንድሄድ አልጠየቀኝም፣ እኔም የመሄድ ነገር አላነሳሁም።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከራቫታቸውን አስረው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ነይ" አሉ። "የእኔ ልጅ ሆነሽ ምስማሩ ይቀድማል አልሽ። በሰው ፊት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጀመሪያውን በደንብ አላስያዝኩሽም።"

ሆን ብዬ ነው ልላቸው ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። ከመጀመሪያው ጀመርን፣ ከመለኪያ፤ ሜትር፣ ኪሎግራም፣ ሴኮንድ። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ፣ እኔ የማይታየውን ጽሕፈት አነባለሁ። ልክ ናቸው፣ አንድም አልሳቱም። በማግስቱም ተቀመጥን። ሳምንት ሙሉ ተቀመጥን፤ መለኪያን ጨርሰን እንቅስቃሴ ገባን፣ ከእንቅስቃሴም ግማሹን ሄድን።

ዛሬ ጠዋት ስመጣ ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቁኝ ነበር። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፣ ግን አልጻፉም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት ፈተና ላይ የተቀመጠ ልጅ ፍርሃት ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳየው ነው የከረምኩት።

"ሶሊ፣ የት ደርሰን ነበር?" አሉኝ።

"ገና አልጀመርንም፣ አባባ" አልኳቸው፤ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።